ጉድለቱን የሚፈጥር ማስታወቂያ፣ «ፈውሱን» የሚሸጥ ክሬም

ታሪኩ አጭር ነው። ኑሮ የከበደው አንድ አባት የሚጦረው ወንድ ልጅ ባለመውለዱ ያዝናል። ሐዘኑን የሰማችው ጠይም ሴት ልጁ ፊት የሚያቀላ ክሬም ትቀባለች። ብዙም ሳይቆይ መልኳ ይፈካል፤ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሆና ትቀጠራለች፤ የአባቷም ፊት በደስታ ይበራል። ይህ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለው ክሬም በሕንድ ቴሌቪዥን ካስነገራቸው ማስታወቂያዎች አንዱ ነበር። የመላው ሕንድ ዴሞክራሲያዊ የሴቶች ማኅበር ጠንካራ ተቃውሞ ካሰማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሥርጭት ወጥቷል።

ማስታወቂያው ከወረደ ሁለት አሥርት ዓመታት ቢያልፉም አሠራሩ ዛሬም በልዩ ልዩ መልክ ስለሚታይ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ ሦስት ማኅበራዊ ችግሮች አሉ፦ ድህነት፣ ሥራ ማጣት፣ ሴት ልጅ ከወንድ አንሳ መታየቷ። ሦስቱም ከልጅቱ ቆዳ ጋር አንዳች ግንኙነት የላቸውም። ማስታወቂያው ግን ሦስቱንም አንሥቶ በፊቷ ላይ ይጭናቸዋል። ቀጣሪው ለምን ጠይሟን እንዳልቀጠረ፣ አባትየው ለምን ሴት ልጁን እንዳነሰችበት አይጠየቁም። መለወጥ ያለባት እርሷ ብቻ ናት።

እኛ የጤና ባለሙያዎች የታሪኩን ቅርጽ በሚገባ እናውቀዋለን። የሕመምተኛ ካርድ ቅርጽ ነው፦ የመጣችበት ችግር፣ የምርመራ ውጤት፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ የተገኘው ለውጥ። ማስታወቂያው ይህን ቅርጽ ከሕክምና ተውሶ ጤነኛ ለሆነ ቆዳ የበሽታ ስም ይሰጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ የተውሶ ምርመራ በሰዎች የአካል ግምትና ለራስ በሚሰጥ ክብር ላይ ምን እንደሚያደርስ፣ በመጨረሻም ወደ ምርመራ ክፍላችን በምን መንገድ እንደሚደርስ ማሳየት ነው።

አንድ ኩባንያ፣ ሁለት ድምፅ

«ፌር ኤንድ ላቭሊ» እ.ኤ.አ. በ1975 በሕንድ ገበያ የቀረበ የዩኒሊቨር ኩባንያ ምርት ነው። «ደቭ» የተባለው ሳሙናም የዚሁ ኩባንያ ነው። «ደቭ» እ.ኤ.አ. በ2004 «እውነተኛ ውበት» በሚል መሪ ሐሳብ ዘመቻ ጀመረ። ከዘመቻው ሥራዎች እጅግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ኢቮሉሽን» የተሰኘ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ያልዘለለ ፊልም ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት በካን ከተማ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የማስታወቂያ ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል።

ፊልሙ በሙያው የሚደነቅ ነው። አንዲት ወጣት ሳትኳኳል ካሜራ ፊት ትቀመጣለች። መብራት ይበራል፤ ባለሙያዎች ይኳኩሏታል፤ ፀጉሯን ይሠሩታል። ፎቶግራፍ ከተነሣች በኋላ ሥራው በኮምፒዩተር ይቀጥላል። አንገቷ ይረዝማል፤ ዓይኖቿ ይሰፋሉ፤ የፊቷ ቅርጽ ይስተካከላል። በመጨረሻም ምስሉ በመንገድ ዳር ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለት ልጃገረዶች እያዩት ያልፋሉ። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ራሳችሁን የምታወዳድሩት በሕይወት ከሌለች ሴት ጋር ነው።

ይህ እውነት ነው፤ መነገሩም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ሁለት ድክመቶች አሉት። የመጀመሪያው የተናጋሪው ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ «እንዳለሽ ቆንጆ ነሽ» የሚለው ኩባንያ፣ በዚያው ዘመን በእስያ «ካልነጣሽ ሥራ አታገኚም» የሚል ትርጉም ያለው ታሪክ በገንዘቡ ያሠራጭ ነበር። ሁለቱ መልእክቶች እርስ በርሳቸው ቢጣሉም የሚያገለግሉት አንድ ዓላማ ነው፤ በየገበያው የሚሸጠውን መሸጥ። የሴቶችን ክብር የሽያጭ መሣሪያ ያደረገ ዘመቻ፣ ክብሩ በማያዋጣበት አገር ሌላ መሣሪያ ያነሣል።

ሁለተኛው ድክመት የበለጠ ሙያችንን ይመለከታል። ፊልሙ «ምስሉ የተነካካ መሆኑን ያወቀ ሰው ከተጽዕኖው ነፃ ይወጣል» በሚል እሳቤ ላይ የቆመ ነው። በዚሁ እሳቤ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ፣ ሞዴሎች በኮምፒዩተር ቀጥነው የቀረቡባቸው የማስታወቂያ ፎቶግራፎች ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲይዙ አዝዛለች፤ ፈረንሳይም ከ2017 ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ ጥላለች። ይሁን እንጂ በእንዲህ ዓይነት መግለጫዎች ላይ የተካሄዱት ጥናቶች አብዛኞቹ ያሳዩት፣ መግለጫውን ያነበቡ ሴቶች ካላነበቡት ይልቅ በአካላቸው ይበልጥ ረክተው አለመገኘታቸውን ነው። ዕውቀት ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን ክትባት አይሆንም። የሲጋራን ጉዳት እያወቁ የሚያጨሱ ሕሙማንን ለምናክም ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማስረጃው ምን ይላል?

ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሰው ራሱን የሚመዝንበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ከሌሎች ጋር በማነጻጸር ይመዝናል። ቀድሞ የሚያነጻጽረው ከጎረቤቱ፣ ከእኅቱ፣ በገበያ ከሚያገኘው ሰው ጋር ነበር። መገናኛ ብዙኃን የመነጻጸሪያውን ክበብ አስፍተውታል፤ በክበቡ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ደግሞ መርጠውና አርመው ያቀርባሉ።

የዚህን ለውጥ ውጤት ለማየት ፊጂ ጥሩ አጋጣሚ ሰጥታለች። የደሴቶቹ ሕዝብ ደልዳላ ሰውነትን ያደንቅ ነበር፤ የምግብ ፍላጎት መቀነስም ቤተሰብን የሚያሳስብ የሕመም ምልክት ነበር። ናድሮጋ በተባለው አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አን ቤከር የተባለችው የአሜሪካ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት በዚያው ዓመት 63፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ 65 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን መርምራለች። በአመጋገብ ዝንባሌ መጠይቅ ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገቡት ከ12.7 ወደ 29.2 በመቶ አደጉ። ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ሆን ብለው የሚያስመልሱ በመጀመሪያው ዙር አንዲትም አልነበረችም፤ በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆኑ።

ጥናቱን ስንጠቅስ ግን እንደ ባለሙያ ልንጠነቀቅ ይገባል። በሁለቱ ዙሮች የተጠየቁት የተለያዩ ልጃገረዶች ናቸው፤ ቴሌቪዥን ያልገባበት ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ መጠይቁም ለማጣራት እንጂ በሽታን ለመለየት አይበቃም። በእነዚያ ዓመታት በፊጂ የተለወጠው ቴሌቪዥኑ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያም ሆኖ ልጃገረዶቹ በቃለ መጠይቅ እንደ ቴሌቪዥን ገጸ ባሕርያት መሆን እንደሚመኙ መግለጻቸው ግንኙነቱን ችላ እንዳንል ያስገድደናል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት 25 ሙከራዎችን አንድ ላይ ገምግሟል። ቀጫጭን ሞዴሎችን የሚያሳዩ ምስሎችን የተመለከቱ ሴቶች፣ ሌላ ዓይነት ምስል ከተመለከቱት ይልቅ በአካላቸው ያላቸው ደስታ ቀንሶ ተገኝቷል። ተጽዕኖው ዕድሜያቸው ከ19 ዓመት በታች በሆኑትና አስቀድሞም ለዚህ ተጋላጭ በነበሩት ላይ የበረታ ነበር። በአማካይ ሲታይ ተጽዕኖው ከፍተኛ የሚባል አይደለም። ነገር ግን አንድ ምስል አንድ ጊዜ በማየት የተገኘ ውጤት በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የወጡ የፌስቡክ ኩባንያ የውስጥ ሰነዶች እንዳመለከቱት፣ ስለ አካላቸው መጥፎ ስሜት ከሚሰማቸው ልጃገረዶች መካከል 32 በመቶ የሚሆኑት ኢንስታግራም ስሜቱን እንደሚያባብስባቸው ተናግረዋል። ይህም የተጠያቂዎቹ የራሳቸው አስተያየት እንጂ የመንስኤና ውጤት ማረጋገጫ አይደለም፤ ግን ኩባንያው ራሱ ጠይቆ ያገኘው መልስ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነጥብ መጨመር ይገባል። ለራስ የሚሰጥ ክብርን ለመለካት እስከ ዛሬ በሰፊው የምንሠራበት የሮዘንበርግ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ሲሆን አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ስለ ብቃት፣ ስለ መልካም ባሕርይ፣ ራስን ስለማክበር ይጠይቃል። ከአሥሩ አንዱም ስለ መልክ አያነሣም። ሆኖም በወጣቶች ዘንድ በአካል አለመርካት ከዝቅተኛ የራስ ክብር ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ ይገኛል። የማስታወቂያው ኃይል እዚህ ላይ ነው። «ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ «ቆዳዬ ምን ይመስላል?» በሚለው ይተካዋል።

ጠይም፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ

ጉዳዩን ወደ አገራችን ስናመጣ «ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው» ብለን ለማምለጥ አንቸኩል። የራሳችን የውበት ሕግ ነበረን፤ አለንም። ፍንጭት ጥርስ፣ የተነቀሰ ድድ፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ ረጅም አንገት ሲወደሱ ኖረዋል። ድድ የተነቀሰችው ልጅም ሕመሙን የቻለችው ለመወደድ ነበር። ስለ ቆዳም ቢሆን «ቀይ» የሚለው ቃል በአፋችን ከማመልከት አልፎ ሲያሞግስ፣ «ጥቁር» የሚለው ደግሞ በማን ላይ እንደ ስድብ ሲወረወር እንደኖረ ታሪካችንን የሚያውቅ አይስተውም። ማስታወቂያው ባዶ መሬት ላይ አልዘራም።

ሆኖም በአሮጌው ሕግና በአዲሱ መካከል ሦስት መሠረታዊ ልዩነቶች አሉ። በመጀመሪያ፣ ቋንቋችን በቀይና በጥቁር መካከል ጠይምና የቀይ ዳማ የሚሉ ደረጃዎችን ያውቃል፤ ጠይም የተሞገሰበት ዘፈንም ብዙ ነው። አንዲት ሴት በዚህኛው ባትወደስ በዚያኛው ትወደስ ነበር። በክሬሙ ማስታወቂያ ውስጥ ግን ያሉት ሁለት ፊቶች ብቻ ናቸው፤ «በፊት» እና «በኋላ»። በሁለተኛ ደረጃ፣ የቀድሞው የቁንጅና አርአያ በሕይወት ያለች፣ የምታረጅና የምትታመም የሰፈር ሰው ነበረች፤ የዛሬዋ በመብራትና በኮምፒዩተር የተሠራች ናት። በሦስተኛ ደረጃ፣ አሮጌው ሕግ ከጉድለታችን የሚያተርፍ ኩባንያ አልነበረውም። አዲሱ አለው፤ ስለዚህም ጉድለቱ ፈጽሞ እንዲያልቅ አይፈልግም።

ስለ ክብደትም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤቶች «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» የምርቃት ያህል ነበር፤ «ምነው ከሳህ?» ደግሞ የጭንቀት ጥያቄ። ዛሬ በከተሞቻችን ያንኑ «ወፍረሻል» እንደ ዘለፋ የምትሰማ ወጣት ብርቅ አይደለችም። ከሳተላይት ቴሌቪዥን መስፋፋት በኋላ፣ በተለይም ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ የሩቁ ፊት በእኛው ቋንቋ እየተናገረ ሳሎናችን ገብቷል። በዚህ ድራማውን መኮነን አልሻም፤ ተመልካቹም ሞኝ አይደለም። የአገራችን የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ራሳቸው የእናትንም፣ የሙሽራንም፣ የባንክ ሠራተኛንም ሚና ለማን እንደሚሰጡ ግን አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መቁጠር ብዙ ያስተምራል።

ወንዶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ለወንዶች ብቻ የተዘጋጀ የሚያነጣ ክሬም ገበያ ላይ ውሏል፤ በዝነኛ የፊልም ተዋናይም አስነግሯል። ጡንቻን ለማፈርጠም ሲባል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ የሆርሞን መድኃኒቶችም የዚሁ ታሪክ የወንዶች ምዕራፍ ናቸው።

ከምስሉ እስከ ምርመራ ክፍል

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የሚሠራው በቫይታሚን ቢ3 እና ከፀሐይ ጨረር በሚከላከሉ ውሕዶች ነው፤ ከዚህ በታች ከምንዘረዝራቸው መርዛማ ነገሮች ጋር አይመደብም። ጉዳቱ የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። ማስታወቂያው የሚቀሰቅሰው ፍላጎት ለስላሳ ክሬም ከሚያደርሰው ለውጥ ይበልጣል። ተስፋ የተደረገው ንጣት ሳይመጣ ሲቀር ፍላጎቱ አይጠፋም፤ ፈጥኖ ወደሚያነጣው፣ ርካሽ ወደሆነው፣ መግለጫው በማይነበብ ቋንቋ ወደተጻፈው ቱቦ ይሸጋገራል። በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ የሚገኙት በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ፊትን ያሳሳል፤ የደም ሥሮችን ያወጣል፤ ብጉር ያፈላል፤ የፈንገስ ሕመምን መልክ ለውጦ ያታልለናል። በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ወደ ደም ገብቶ የአድሬናል ዕጢን ሥራ ያዳክማል፤ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ይጨምራል። ሲቋረጥ ፊት ስለሚቀላና ስለሚያቃጥል ተጠቃሚዋ «ያለ እርሱ አልኖርም» ብላ ትመለስበታለች። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ያለ ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ቆዳን ሰማያዊ ጥቁር አድርጎ ሊያጠለሽ ይችላል፤ ለማከምም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጥቁረትን ሸሽታ የጀመረች ሴት በማይለቅ ጥቁረት ትጨርሳለች። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊትን ይጎዳል፤ በሽንት ፕሮቲን ከሚያፈስ የኩላሊት ሕመም ጋር ይያያዛል፤ በፎጣና በአልጋ ልብስ አማካይነት ክሬሙን ያልተቀቡ ልጆችን ሊደርስ ይችላል። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ሜርኩሪ የያዙ ምርቶችን፣ መዋቢያዎችን ጨምሮ፣ ከገበያ ለማስወጣት ጭምር ነው።

የቁስሉ ሌላኛው ገጽታ በዓይን አይታይም። ፊቷ የተጎዳባት ታካሚ ዘግይታ የምትመጣው ስለምታፍር ነው። መጀመሪያ በቆዳዋ አፈረች፤ አሁን ደግሞ በመቀባቷ። እኛም «ማን ተቀቢ አለሽ?» ብለን ከተቀበልናት ሦስተኛ ኀፍረት እንጨምርባታለን፤ ክሬሙንም ደብቃን ትሄዳለች።

ምን ይደረግ?

በምርመራ ክፍል ያለው ሥራ ውስብስብ አይደለም። ስለሚቀቡት ነገር እንደ ማንኛውም የመድኃኒት ታሪክ ያለ ወቀሳ መጠየቅ፤ ቱቦውን ይዘው እንዲመጡ ማድረግ፤ ጠንካራ ስቴሮይድን በአንድ ጊዜ ከማስቆም ደረጃ በደረጃ መቀነስ፤ ለረጅም ጊዜ በሰፊው የተቀቡትን ለአድሬናል ድክመት መከታተል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት ያለባትን ሴት ሽንት ስንመረምር ስለ ክሬም መጠየቅን አለመርሳት። ስለ መልኳ ያላት ጭንቀት ቀኑን ሙሉ የሚይዛት፣ ከሥራና ከሰው የሚለያት ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያያት ይገባል፤ በአካል ገጽታ መጨነቅ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላልና።

ከምርመራ ክፍል ውጭም ድርሻ አለን። ጠንካራ ስቴሮይድ እንደ ሎሽን ያለ ማዘዣ የሚሸጠው በሙያችን ዙሪያ ባሉ መደብሮች ጭምር ነው። በክሊኒኮቻችን ግድግዳ ላይ የምንለጥፋቸው የመድኃኒት ኩባንያ ፖስተሮች የማንን ፊት «ጤናማ» ብለው እንደሚያሳዩም ልብ እንበል።

በሕግ ረገድ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 መዋቢያዎች «ቆዳ ያነጣል» እያሉ እንዳይተዋወቁ ከልክላለች። ሕገወጥ ንግዱ በዚህ አልጠፋም፤ የማስታወቂያው ሕጋዊ ድምፅ ግን ተዘግቷል። እኛም ለዚህ መነሻ አናጣም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን በቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ለቢራ የተቻለው «ያነጣል» ለሚል ክሬም የማይቻልበት ምክንያት የለም። የሙያ ማኅበሮቻችን በግልጽ ሊጠይቁት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ዩኒሊቨር እ.ኤ.አ. በ2020፣ የአሜሪካው የዘር እኩልነት ተቃውሞ ዓለምን ባናወጠበት ወቅት፣ «ፌር» የሚለውን ቃል ከክሬሙ ስም ላይ አንሥቶ «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ብሎታል። ከ45 ዓመታት በኋላ የተነሣ አንድ ቃል ነው። ያ ቃል ለአርባ አምስት ዓመታት ሲያስተምረው የኖረው ትምህርት ግን ከማሸጊያው ጋር አብሮ አይቀየርም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከምርመራ ክፍላችን ደጃፍ የምትቀመጠው ታካሚ ይዛው ትመጣለች። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስለ ቆዳዋ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ቃላችን ግን ቆዳዋ ከመቀባቷ በፊት በሽታ እንዳልነበረበት ቢነግራት መልካም ነው።